የዘይት ግፊት መብራቱ አልፎ አልፎ የሚበራ አሮጌ ኮሮላ፦ ምርመራውን ከየት ልጀምር?

የጣና ዳሯ መምህርት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ለመድረኩ አባላት የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጥያቄዬ ከአባቴ የተረከብኩትንና ባሕር ዳር ውስጥ የምነዳውን የ1992 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ የሚመለከት ነው፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ በቤንዚን የሚሠራው 4ኤ-ኤፍኢ ነው። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው፣ ጀበና የሚመስለው ቀይ መብራት አልፎ አልፎ ይበራል። በከተማ ውስጥ ከቀበሌ 14 እስከ ትምህርት ቤት ስመላለስ ጨርሶ አይታይም። የሚታየው ከጎንደር በኩል ስመለስ ነው፤ ወረታን ካለፍኩ በኋላ በፎገራ ሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ለረጅም ጊዜ ስነዳ መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወደ ሐሙሲት ስቃረብና ፍጥነት ስቀንስ ደግሞ በርቶ ይቀራል። ዳር ይዤ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ትንሽ ቆይቼ ሳስነሣው መብራቱ የለም፤ ቀሪውን መንገድም ያለ ምንም ምልክት እጨርሳለሁ።

ሌላው ያስተዋልኩት ነገር ጠዋት ሞተሩን ሳስነሣ መብራቱ ለመጥፋት ከቀድሞው የበለጠ ጊዜ መውሰዱን ነው። የዘይቱን መጠን መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ በመለኪያ ዘንጉ አይቼዋለሁ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ቀረብ ብሎ ነው ያለው።

ያሳየኋቸው ባለሙያዎች አልተስማሙልኝም። አንደኛው «ስዊቿ አርጅታለች፣ ምንም አይደለም፣ ይንዱት» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ መኪናውን ቆሞ ከማዳመጥ በስተቀር ሌላ ምርመራ ሳያደርግ ብሮንዚናው (በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ የሚያርፍበት ስስ ብረት) ስላለቀ ሞተሩ ይውረድ አለ። ሞተር ማስወረድ ለእኔ ከባድ ወጪ ነው፤ ምልክቱን ችላ ብሎ መንዳትም ያስፈራኛል። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የማውቅበት መንገድ ካለ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ማሳና ፊውዝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

መምህርት፣ መብራቱ በትክክል ምን እንደሚለካ ማወቅ ለሚቀጥለው ሁሉ መሠረት ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ይህ መብራት የዘይት መጠን አይለካም። በሞተሩ ብሎክ ላይ የተጠለቀች፣ አንዲት ሽቦ ብቻ የምትገባባት የግፊት ስዊች አለች፤ ግፊት በሌለበት ጊዜ ሽቦውን ከማሳ (ከመኪናው ብረት አካል) ጋር ስለምታገናኝ መብራቱ ይበራል፣ ዘይቱ ሲገፋት ግንኙነቱን ስለምትለይ መብራቱ ይጠፋል። እነዚህ ስዊቾች በብዛት የሚሠሩት ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ባለው ግፊት አካባቢ ነው። ይህ እጅግ አነስተኛ ግፊት ነው፤ መብራቱ እውነቱን ከሆነ «ዘይት ጎድሏል» ብቻ ሳይሆን «ሞተሩ ያለ ዘይት ሊፋተግ ነው» ማለቱ ነው። ስለዚህ «ምንም አይደለም፣ ይንዱት» የሚለውን ምክር ለጊዜው አይቀበሉት።

የኤሌክትሪኩን ወገን ራስዎ ማጣራት ይችላሉ። ቁልፉን ሞተር ሳያስነሡ ይክፈቱት፤ መብራቱ መብራት አለበት። ከዚያ ሽቦውን ከስዊቿ ላይ ይንቀሉት፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ሽቦው ተነቅሎም መብራቱ በርቶ ከቀረ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲውን እየነካ ነው፤ መብራቱን የሚያበራው ሽቦው ነው ማለት ነው። የተነቀለውን ሽቦ ጫፍ ሞተሩን ሲያስነኩት መብራቱ ከበራ መስመሩ ጤነኛ ነው። በዚያው የሶኬቱን ውስጥ ይመልከቱ፤ በዘይት ረጥቦ ካገኙት ስዊቿ ውስጧ ተቀድዶ ዘይት እያሳለፈች ነውና ትቀየር። ይህ ሁሉ ግን የሚነግርዎት ሽቦው ደኅና መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው፤ ግፊቱ ደኅና ነው ለማለት አይበቃም።

የመራዊ መንገድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ በሚኒባስ ሥራ የምተዳደር ነኝ። በእኔ መኪና ላይ ይኸው መብራት አስቸግሮኝ ከ15ደብሊው-40 ወደ 20ደብሊው-50፣ ማለትም ወፈር ወዳለ ዘይት ስቀይር ጠፍቶልኛል፤ ከዚያ ወዲህም ሥራዬን እየሠራሁ ነው። የእኛ አገር ሙቀት ወፍራም ዘይት ይፈልጋል። መምህርት ሞተር ከማስወረድዎ በፊት ይህን ቢሞክሩት ወጪው ቀላል ነው።

አሮጌ ቁልፍ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ከጡረታዬ በፊት ብዙውን ዘመኔን ያሳለፍኩት በእነዚህ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ስለሆነ ጥቂት ልበል። ወንድማችን «የመራዊ መንገድ» የተናገረው በራሱ መኪና ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ምን እንደተደረገ በትክክል እናስተውል። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይ 40 የሚባለው ዘይት ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ሲሆን፣ 50 የሚባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ያለቀ ብሮንዚና ሰፊ ክፍተት አለው፤ ወፍራሙ ዘይት በዚያ ክፍተት ቶሎ ስለማያመልጥ የግፊቱ ቁጥር ከፍ ይላል፣ መብራቱም ይጠፋል። ክፍተቱ ግን አልጠበበም። መታወቅ የነበረበት ነገር ሳይታወቅ ምልክቱ ብቻ ተሸፍኗል። በሽታው ሌላ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ዘይት ሊያባብሰው ይችላል።

አሁን ወደ መምህርት ጥያቄ። በ4ኤ-ኤፍኢ ሞተር የዘይት ፓምፑ ከፊት በኩል በክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ላይ ተቀምጦ በራሱ በክራንክሻፍቱ ይዞራል። ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ቋት በወንፊት በኩል ዘይቱን ይስባል፣ ወደ ፊልትሮው (ወደ ዘይት ማጣሪያው) ይገፋል፣ ከዚያ ወደ ብሮንዚናዎቹና ላይ ወዳለው ካምሻፍት (ቫልቮቹን ወደሚከፍተው ዘንግ) ይሄዳል። ፓምፑ ዘይትን ይገፋል፤ ግፊት የሚፈጠረው ግን የሚገፋው ዘይት ጠባብ መተላለፊያ ሲገጥመው ነው። ስለዚህ ግፊት የሚወድቀው ወይ ዘይቱ ከፓምፑ በኋላ በሰፋ ክፍተት ሲያመልጥ፣ ወይ ዘይቱ ራሱ ሲቀጥን፣ ወይም ፓምፑ የሚገፋው በቂ ዘይት ሲያጣ ነው። እነዚህ ሦስቱ በመብራቱ ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ በጊዜያቸው ግን ይለያያሉ።

ብሮንዚና ሲያልቅ መብራቱ የሚታየው ሞተሩ በጣም ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር) ሲሠራ፣ ለምሳሌ መንገድ መገናኛ ላይ ባጃጆች እስኪያልፉ ሲቆሙ ነው፤ ቤንዚን ትንሽ ረገጥ ሲያደርጉ ወዲያው ይጠፋል። የእርስዎ መብራት የሚጀምረው ግን በሜዳ ላይ በጥሩ ፍጥነት እየነዱ፣ ፓምፑ በኃይል በሚገፋበት ሰዓት ነው። ደግሞም ያለቀ ብሮንዚና በመንገድ ዳር ዕረፍት አይድንም። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ሳነብ እኔም ወደ ብሮንዚና አዘንብዬ ነበር፤ ይህ የጊዜው ነገር ግን ቆም አድርጎኛል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይንገሩን። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል ወይ? ዘይት በቤንዚን ሲቀጥን መጠኑ እየጨመረ ይሄዳልና ዘንጉ ላይ «ሙሉ» መሆኑ ሊያታልል ይችላል። መብራቱ በበራበት ጊዜ ከሞተሩ ላይ የተለየ ድምፅ ሰምተዋል ወይ? በቅርብ ጊዜስ የዘይት ቋቱ ተፈትቶ ያውቃል ወይ? እስከዚያው ድረስ ከከተማ አይውጡ፤ መብራቱ እየነዱ ከበራም ወዲያውኑ ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። «ጋራዥ እስክደርስ» ብሎ የነዳ ሰው ብሮንዚናውን በዚያች መንገድ ብቻ ሊጨርስ፣ ሞተሩም ሊነክስ (ተጣብቆ መዞር ሊያቆም) ይችላል።

የጣና ዳሯ መምህርት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ ሌሎቻችሁም፣ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የሽቦውን ፍተሻ እንደተነገረኝ አድርጌዋለሁ፤ ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ይበራል፣ ሽቦው ሲነቀል ይጠፋል፣ ማሳ ሲነካ ይበራል። ሶኬቱ ደረቅ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን ባወዛውዘውም ምንም ለውጥ አላየሁም። ዘይቱን በነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጌ አሸትቼዋለሁ፤ የቤንዚን ሽታ የለውም፣ ወተት የመሰለ ውኃ የገባበት መልክም የለውም። ስለ ድምፁ፣ ባለፈው ሐሙሲት አካባቢ መብራቱ በርቶ በቀረበት ጊዜ ከሞተሩ ላይኛው ክፍል ፈጠን ያለ «ታክ ታክ» ሰምቻለሁ፤ አጥፍቼ ሳስነሣው አልነበረም።

የዘይት ቋቱን በሚመለከት፣ አዎን፣ ከክረምቱ በፊት ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር አንድ ጋራዥ ፈትቶ በሲሊኮን አሽጎ መልሶታል። ከዚያ በኋላ ማንጠባጠቡ ቆሟል።

የጀልባ ሞተር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሥራዬ ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎችን ሞተሮች መጠገን ነው። በሐይቅ ላይ ሞተር ከጠፋ ዳር ይዞ መቆም ስለሌለ እኛ በመብራት ብቻ አንተማመንም፤ መርፌ ያለው የግፊት ጌጅ በመስመሩ ላይ እናስራለን። መብራት ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አለ ወይም የለም። ጌጅ ግን ግፊቱ እንዴት እንደወደቀ ያሳያል፤ ቀስ ብሎ ነው፣ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ወይስ በአንድ ጊዜ? የሕመሙ ዓይነት የሚለየው በዚያ ነው። ማዕበል ጀልባውን ሲያናውጥ ዘይቱ ከወንፊቱ ስለሚሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ መርፌው ይንቀጠቀጣል። በመኪናም ወንፊቱ ሲደፈን ወይም የወንፊቱ ቱቦ የሚታሰርበት ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሲሰነጠቅ መርፌው የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

መምህርት፣ ጌጁን ከነማያያዣው አውስዎታለሁ። የቶዮታዋ ስዊች ጥርስ አንድ ስምንተኛ ኢንች ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ስለሆነ የማይገጥም ማያያዣ በግድ አይጠለቅ፤ ብሎኩን ይጎዳል። ስዊቿን ፈትቶ በቦታዋ ጌጁን ማሰር ለባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሰባታሚት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ይቅርታ፣ ፊልትሮው ቢደፈንስ ይህን አያመጣም ወይ? መጀመሪያ እርሱን መቀየር አይቀልም?

አሮጌ ቁልፍ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፊልትሮው ሲደፈን ዘይቱ በጎን የሚያልፍበት ቫልቭ ስላለ በዚህ ምክንያት ብቻ መብራቱ የሚበራበት ጊዜ ብዙ አይገጥምም። ጥራት የሌለው ፊልትሮ ግን ሞተሩ ሲቆም ዘይቱን ይዞ የሚያስቀረው የላስቲክ ክዳን ቶሎ ስለሚደርቅበት፣ ጠዋት መብራቱ ዘግይቶ እንዲጠፋ ያደርጋል። መቀየሩ አይከፋም፤ የፎገራውን ነገር ግን አይመልስም።

መምህርት፣ ቋቱ በሲሊኮን ታሽጓል ያሉት ነገር ልቤን ሳበው። ቢሆንም ከመፍታታችን በፊት ይለካ። ለዚህ ሞተር አምራቹ ያስቀመጠው ልክ፣ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ በሚኒሞ ቢያንስ 0.3 ባር፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 4.9 ባር ነው። በሚኒሞ ያለውን ብቻ አይተው አያቁሙ፤ መብራቱ የሚመጣው ከረጅም ሩጫ በኋላ ስለሆነ ባለሙያው 3,000 ዙር ላይ ይዞ ይቆይና መርፌውን ይከታተል። ግፊቱ መውረድ ከጀመረ ግን ወዲያውኑ እግሩን ያንሣ፤ ለመለካት ብለን ሞተሩን አንጉዳው።

የጣና ዳሯ መምህርት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡45

ጌጁ ታስሮ ተለክቷል። መኪናው እስከ መሸንቲ ተነድቶ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ 1.1 ባር አሳየ። በ3,000 ዙር ወደ 3.2 ወጣ። ባለሙያው እዚያው ላይ ይዞ ሲቆይ መርፌው በመጀመሪያ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረና ዙሩ ሳይቀንስ ወደ 1.5 ወረደ። እግሩን ሲያነሣ ከ0.3 በታች ሆነ፤ ያ «ታክ ታክ» ድምፅም ተሰማ፣ ወዲያው አጠፋው። ከዕረፍት በኋላ ሲያስነሣው ጌጁ እንደገና 1.1 አሳየ። እኔ በአንድ በኩል ደስ ብሎኛል፣ በሌላ በኩል ግን ግራ ገብቶኛል፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም?

አሮጌ ቁልፍ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡00

መምህርት፣ ይህ በጣም ግልጽ ንባብ ነው። በሙቅ ሞተር በሚኒሞ 1.1 ባር የሚያሳይ ሞተር ብሮንዚናው አላለቀም፤ ቢያልቅ ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚወድቀው ይህ ቁጥር ነበር። 3.2 መድረሱ ደግሞ ፓምፑም፣ ትርፍ ግፊት የሚለቀው ቫልቭም ደኅና መሆናቸውን ያሳያል። ዙሩ ሳይለወጥ ግፊቱ እየተንቀጠቀጠ መውረዱ ግን ፓምፑ የሚስበው ዘይት እያጠረው መሆኑን ይናገራል። በከፍተኛ ዙር ፓምፑ በኃይል ሲስብ በቋቱ ውስጥ የሚንሳፈፈው ቁርጥራጭ ሁሉ እየተጎተተ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ መሳቡ እስካልቆመ ድረስ እዚያው ተጣብቆ ይቆያል፣ ስለዚህ ፍጥነት ሲቀንሱ እንኳ መብራቱ በርቶ ይቀራል። ሞተሩ ሲጠፋ ቁርጥራጩ ረግፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲያስነሡት ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። በከተማ ውስጥ የማይታየውም ጉዞው አጭርና ዙሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። ጠዋት የሚዘገየውም ቀዝቅዞ የወፈረ ዘይት በጠበበ ወንፊት ለማለፍ ስለሚቸገር ነው።

ቋቱ ይፈታ፤ ሞተሩ አይውረድ። የፊተኛው የጭስ ማውጫ ቱቦ ወርዶ፣ ዘይቱ ለብ እንዳለ ተለቅቆ የሚሠራ ሥራ ነው። ቋቱ ከተፈታ ዘንድ ከቢየላዎቹ (ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር ከሚያገናኙት ክንዶች) የአንዱን ክዳን አስከፍተው ብሮንዚናውን ይዩት፤ ግራጫና ወጥ መልክ ካለው ይመለስ፣ የመዳብ መልክ ካወጣ ግን ፊቱ ተበልቷልና ይቀየር። መብራቱ በርቶ የተነዳ ሞተር ስለሆነ ይህን ሳላይ አልዘጋውም።

የመራዊ መንገድ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡25

ጋሼ፣ እንግዲያው እኔ የመከርኩት ወፍራም ዘይት እዚህ ላይ ምን ያደርግ ነበር?

አሮጌ ቁልፍ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡40

ወንድሜ፣ በግማሽ በተደፈነ ወንፊት ወፍራም ዘይት ከቀጭኑ ይልቅ በችግር ያልፋል፤ ስለዚህ ፓምፑ ቶሎ ይራብ፣ ጠዋትም መብራቱ ይበልጥ ይዘገይ ነበር። የእርስዎንም መኪና እንዲያስለኩ እመክርዎታለሁ። ሰው የሚጭን መኪና ነው።

የጣና ዳሯ መምህርት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ቋቱ ዛሬ ተፈትቷል፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የወንፊቱ ከግማሽ በላይ በግራጫ ሲሊኮን ቁርጥራጭ ተሸፍኗል፤ አንዳንዱ እንደ ክር የረዘመ ነው፣ በመካከሉም ጥቁር የደረቀ የዘይት ጭቃ ተጠራቅሞበታል። ቋቱ ሲታሸግ ሲሊኮኑ በብዛት ስለተቀባ ሲጨመቅ ወደ ውስጥ የወጣው ትርፍ ደርቆ እየተቆረጠ ወደ ዘይቱ ሲገባ ኖሯል። የአንዱ ቢየላ ብሮንዚና ተከፍቶ ታይቷል፤ ግራጫ ነው፣ ጥቂት ስስ ጭረት አለበት፣ መዳብ ግን አልታየበትም። ወንፊቱ በኬሮሲን ታጥቦ በአየር ተነፍቷል፣ የቱቦው ጓርኒሲዮን ደርቆ ስለነበር በአዲስ ተተክቷል። ቋቱ ነገ ይዘጋል። እንዴት እንዲታሸግ ልንገረው?

የጀልባ ሞተር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

እንኳን ደስ ያለዎት። የዚህ ሞተር ቋት ከፋብሪካም የሚታሸገው በማሸጊያ ቅባት ስለሆነ ሲሊኮን መጠቀሙ ነውር የለውም፤ ጥፋቱ ከብዛቱ ነው። ዘይትን የሚቋቋም ዓይነት ይሁን። አሮጌው ቅሪት ከሁለቱም ፊቶች ተፍቆ በቤንዚን ይጠረግ፤ በዘይት የረጠበ ፊት ላይ ምንም ማሸጊያ አይዝም፣ ሰዎችም ብዙ የሚቀቡት ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ያልተቋረጠ መስመር ይቀባ፣ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጠኛ ወገን ይለፍ፣ ሳይደርቅ ይገጠም። ቡሎኖቹ በየተራ በመስቀለኛ ይጠበቁ፤ የቋቱ ከንፈር ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይጣመምና መልሶ ያንጠባጥባል። ዘይት ከመሞላቱ በፊት ማሸጊያው እንዲደርቅ ጊዜ ይሰጠው።

የጣና ዳሯ መምህርት
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡20

ሥራው ተጠናቅቆ፣ ጌጁ እንደታሰረ መኪናው ወደ ወረታ ተነድቶ ተመልሷል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ 1.1 ባር፣ በ3,000 ዙር 3.3 ባር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተይዞም መርፌው አልተንቀሳቀሰም። ጠዋትም መብራቱ ወዲያው ይጠፋል። ስዊቿን ቦታዋ መልሰናታል፣ ዘይቱ 15ደብሊው-40 ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፤ የቀረውን ቆሻሻ ለማውጣት የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ ላስጨምር?

አሮጌ ቁልፍ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡00

አያስጨምሩ። ለዓመታት በሞተሩ ግድግዳ ላይ ረግቶ የኖረውን ጭቃ ማጠቢያው በአንድ ጊዜ ቢፈታው የሚወርደው ዛሬ ወዳጸዱት ወንፊት ነው፤ ሲሊኮንን ደግሞ አያሟሟም። ከዚያ ይልቅ ይህን ዘይት እስከ ወጉ ሳይጠብቁ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ከነፊልትሮው ይቀይሩት። የወጣውን ፊልትሮ አይጣሉት፤ ባለሙያው ቆርቆሮውን ቆርጦ ይክፈተውና ውስጡ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ዘርግታችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት። ግራጫ ሲሊኮን ካገኙበት የሚቀጥለውንም ቅያሪ ያሳጥሩ፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካዩ ግን ወደ ጎንደር ከመውጣትዎ በፊት እዚሁ ይጻፉልን።